በሦስት ሰው ዕድሜ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? መኸር ሲገባ ይይዝህ የነበረው የደረት ሕመም ለቀቀህ ወይ? ይህን የምጠይቅህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ብቻ እንዳይመስልህ። ዘንድሮ አለህ የለህም የሚለውን ነገር ከእኔ አብልጠው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጠይቀውም መልሱን በወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው ሄደዋል። እኔ ደህና ነኝ። እጄ በሳሙና ውሃ ተልጦ ብዕር መያዝ ቸገረኝ እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ጎረቤታችን አባባ ቲውኒስ ደህና ናቸው፤ ያቺ ሞት የረሳት በቅሏቸውም ደህና ናት።

በዚህ ደብዳቤ ስምህን አልጠራውም። አባታችን ያወጣልህን ስም አንተ ጥለኸዋል፤ ለራስህ ያወጣኸውን ደግሞ የእኔ አፍ አልለመደውም። ስለዚህ ወንድሜ እያልኩ እጽፋለሁ።

ከሥሩ ልጀምርልህ። አታውቀውም ብዬ አይደለም። ስለ ሕይወትህ የሚያወራውን ያንን ቀጭን መጽሐፍ ኒው ዮርክ ሥዕልህ ከሚታይበት ቤት በር ላይ ሲያድሉ ደርሶኝ፣ በመርከብ ስመለስ አንብቤው ነው። አባትህ ቄስ ነበሩ ይላል። በሕፃንነትህ ወላጆችህን አጥተህ፣ በአጎት ቤት በመጻሕፍት መሀል አደግህ ይላል። የትኛው አጎት እንደሆነ ብታስተዋውቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። እስቲ እኔ ደግሞ የማውቀውን ልንገርህ።

አባታችን ቄስ አልነበረም። ለቆዳ ፋብሪካዎቹ ቆዳ ማልፊያ የሚሆነውን የጥድ ቅርፊት የሚልጥ፣ ከልብሱ ያ ሽታ የማይለቅ ሰው ነበር። መሬቱን ከሽማግሌው ቫን ዶርፕ ሲቀበል ውሉ እንደ አገራችን ወግ በሦስት ሰው ዕድሜ ነበር። ሦስት ስም ይጻፋል፤ ከሦስቱ አንዱ እስትንፋስ እስካለው ቤቱም እርሻውም የእኛ ነው። ሦስተኛው የሞተ ዕለት መሬቱ ወደ ጌታው ይመለሳል። አባታችን ራሱን አስጻፈ፣ እማማን አስጻፈ። ሦስተኛው እንግዲህ ከልጆቹ ረጅም የሚኖረው መሆን አለበት። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ክረምት ትክትክ ይዞኝ ፊቴ ጠቁሮ ነበር። ውሉን የሚጽፈው ጸሐፊ አንዴ አየኝና ለአባታችን፣ ይቺን አታጽፍ፣ ጸደይን አታይም አለው። አንተ የስድስት ሳምንት ልጅ፣ ቀይ፣ ድቡልቡል ያልክ ነበርክ። አንተ ተጻፍክ። ይኸው እኔ ያንን ጸደይ ሠላሳ አራት ጊዜ አየሁት። ተጽፌ ቢሆን ኖሮ ማንም ፈልጎ አያጣኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንተ በቤታችን ልጅ አልነበርክም፤ መሬት ነበርክ። በረዶ በጋገረው ወንዝ ላይ አትሄድም። መጥረቢያ አትነካም። ፈረስ ላይ አትወጣም። እሱ ከወደቀ ሁላችንም ወደቅን ይል ነበር አባታችን፣ እኔ ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኜ ሲያየኝ ግን ቶሎ በይ ነው የሚለኝ። የሸለቆው ወንድ ልጅ ሁሉ በአሥር ዓመቱ ቅርፊት ሊልጥ ተራራ ሲወጣ፣ በአንተ ቦታ የመላጫውን ብረት ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። አንተ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ትቀመጥ ነበር፤ እማማ ከማድቤቱ መስኮት ስለምታይህ። ሥራ ፈት ነህና ከምድጃ ከሰል ይዘህ ትወጣለህ፣ እኔ ላጥ አድርጌ ባመጣሁልህ ቅርፊት ላይ ትሞነጫጭራለህ። መጽሐፉ ተፈጥሮ ራሷ መረጠችው ይላል። የመረጠህ ያ ውል ነው፤ ትክትክ የያዘኝም እኔ ነኝ።

ምሳ ሲደርስ የእማማ ድምፅ ዓለቱ ጋ አይደርስም ነበር። እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ እሳቱ ላይ ትጥላለች፤ ሰማያዊ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አንተ ታይና ትወርዳለህ። ጭሱን አይተህ ሳትወርድ የቀረህበት ቀን የለም። ሆዳም ነበርክ።

በኋላ የሰዉን የበረዶ ጋሪ ጀርባ መቀባት ጀመርክ፤ አበባውን፣ ወፉን። ለመሸታ ቤቱ አንበሳ ሥለህ፣ የአባባ ቲውኒስን ውሻ መስሎ ወጣና ሰዉ ሁሉ ቤቱን የቲውኒስ ውሻ ብሎ ጠራው። ዛሬም ይሉታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ከተማ እሄዳለሁ ስትል አባታችን የሁላችንን ዕድሜ ተሸክመህ የት ነው የምትሄደው አለህ። በየበጋው መጥቼ እታያለሁ ብለህ ማልክ። እማማ ሁለቱን ጊደሮች ሸጣ ቀለም ገዛችልህ። እውነቱን ለመናገር ስድስት በጋ መጣህ። ነጩን ጃንጥላህን ዓለቱ ላይ ተክለህ ቀኑን ሙሉ ትነድፋለህ፤ ክረምቱን ከተማ ተቀምጠህ ከንድፉ ትልልቁን ሸራ ትሠራለህ። በዚያን ጊዜ የምትጽፋቸው ደብዳቤዎች ጠርዛቸው በሥዕል የተሞላ ነበር፤ የቤት አከራይህ አፍንጫ፣ መምህርህ ወንበር ላይ ሲያንቀላፉ። እማማ ማንበብ ስለማትችል ጠርዙን ነበር የምታነበው።

ከዚያ ያቺ ደብዳቤ መጣች። ሥዕል የሚገዙ ሰዎች የእኛን ስም ሲሰሙ ቆዳ ይሸታቸዋል፣ ስለዚህ ቀየርኩት አልክ፤ አዲሱን ስም ጻፍክ፣ ከሥሩ የድሮውን ጽፈህ በቀጭን መስመር ሰረዝከው። ለእማማ ሳነብላት ያንን ዘለልኩት። በዓመቱ ወጣቱ ቫን ዶርፕ የአባቱ ጭሰኛ ልጅ መሆንህን ሳያውቅ ሥዕልህን ገዛ፤ ወድዶህም ጣልያን አገር ላከህ። በዚያ ክረምት ዛፍ ወድቆ አባታችንን ገደለው። ሮም ድረስ ጻፍኩልህ። የተሰበረ የእብነ በረድ ዓምድ ሥለህ ላክህ፤ በጣም ያምራል። አባታችን ላይ የወደቀው ግን ዓምድ አልነበረም፣ ጥድ ነው። በማግስቱ ገና ሬሳው ሳይወጣ ቅርፊቱን ልጠው ወሰዱት።

ስንት ዓመት ሆነህ? ዘጠኝ። ተራራውን ሳትል ቀርተህ አይደለም፤ ከማዶ በኩል ከጌቶቹ ጋር መጥተህ እንደምትሄድ በወሬ እንሰማ ነበር። እማማ ይህን ከሰማች ጀምሮ በበጋ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እርጥብ ቅርንጫፍ እሳቱ ላይ ትጥል ነበር። ተይ ስላት፣ ምን ቸገረሽ፣ ቅርንጫፍ እንደሆን ሞልቷል ትለኛለች። ዓይኗ የጠፋው በዕድሜ ነው ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል። ሐኪሙ ማድቤታችን ገብቶ አያውቅም።

በመጋቢት ሞተች። ጻፍኩልህ። መልስ የለም። አፈሩ ሳይደርቅ የቫን ዶርፕ ወኪል ግሪግስ መጣ። ታውቀዋለህ፤ ያ ሲናገር ባርኔጣውን የሚያሽከረክረው። እግዜር ያጽናሽ አለና ውሉን ዘረጋ። ሁለቱ ስሞች ተሰርዘዋል፣ የቀረው አንድ ነው አለ። ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነው፤ በውል ዕድሜው የተያዘ ሰው ሰባት ዓመት ካልታየ እንደሞተ ይቆጠራል፤ የለም ሕያው ነው የሚል ራሱን ያምጣና ያሳይ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቀን ሰጠኝ። ከሁለት ምስክሮች ጋር እመጣለሁ፣ ወንድምሽን ከደጃፉ ቆሞ ልየው፣ ሌላ አልጠይቅም፣ ማየት ብቻ አለ።

ሦስት ጊዜ ጻፍኩልህ። ዝም ስትል ቅቤዬን ሸጬ በመርከብ ወደ ኒው ዮርክ ወረድኩ። ያ ሁሉ ሰው የሚሰለፍበት ትልቁ ሥዕልህ ያለበትን ቤት ማንም ያውቀዋል፤ ሁለተኛ ሰው መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። ሩብ ዶላር ከፍዬ የራሴን ደጅ ለማየት ገባሁ። ክፍሉ ጨለማ፣ ግድግዳው ጥቁር ጨርቅ፣ መብራቱ ሁሉ ሸራው ላይ። ሰዉ እንደ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ያያል። እኔም ተቀመጥኩ።

ሸለቋችን ነበር። ምን ልበልህ፣ እጅህ ይባረክ፣ እውነት ነበር። ዓለቱ አለ፤ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ እንኳ አለ። አባታችንና እኔ አንድ በአንድ የላጥናቸው፣ ቀልተው ደርቀው የወደቁት ጥዶች ሁሉ ቆመዋል። ቤታችን የለም። በቤታችን ቦታ ኩሬ አድርገህ አጋዘን ውሃ ታጠጣለህ። አጠገቤ የተቀመጠች እመቤት፣ የሰው እግር ያልረገጠው ቦታ እንዲህ ያምራል አለች፤ እኔ ጫማዬን ወደ ውስጥ ሰበሰብኩ። ፊት ወንበር ላይ ቫን ዶርፕ በመሐረብ ዓይኑን ይጠርጋል። ያንን ደን የፈጁት የእሱ ፋብሪካዎች ናቸው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

መነጽርሽን አውሽኝ አልኳት። የማድቤታችንን ቦታ ፈለግሁ። ከኩሬው ጀርባ፣ በዛፎቹ መሀል፣ ፀጉር የምታህል ቀጭን ሰማያዊ መስመር ቀጥ ብላ ትወጣለች። እመቤቷ፣ ጉም ነው፣ ሁሉም ጉሙን ያደንቃል አለችኝ። አዎ አልኳት። ቤቱን አጥፍተህ ጭሱን ተውክ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ረስቶናል ብዬ አዝንልህ ነበር። አለመርሳትህን ሳውቅ ነው አንጀቴ ያረረው።

ስንወጣ ከቫን ዶርፕ ጋር በር ላይ ቆመሃል። አየኸኝ፤ ፊትህ ኖራ መሰለ። ይቺ ደግሞ ለሥራ ስወጣ ወተት የምታጠጣኝ የሸለቆው ደግ ሴት ናት ብለህ አስተዋወቅኸኝ። ቫን ዶርፕ እጄን ጨብጦ፣ ታዲያ የእሷ ቤት ሥዕሉ ላይ የት አለ ብሎ ቀለደ። ከዛፎቹ ጀርባ ነው አልክ፤ ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

በኋላ ከደረጃው ሥር ወስደህ ያልከኝን እደግመዋለሁ፣ አላልኩም እንዳትል። እኔ እኮ ውሸት ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፍቶኝ ነው አልክ። የጭሰኛው ልጅ መሆኔን ቫን ዶርፕ ካወቀ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በጠረጴዛው ላይ ስዋሸው መኖሬን ካወቀ፣ በዚህ ከተማ ሸራ የሚገዛኝ አይኖርም አልክ። አለቀስክ። ከዚያ አንተው ራስህ መላ አመጣህ። በቀኑ በኋላው መንገድ መጥቼ ዓለቱ ላይ እሆናለሁ፤ ግሪግስና ምስክሮቹ ሲደርሱ ጭሱን አጭሺ፤ እወርዳለሁ፤ ግሪግስን አፉን የማስይዝበት መንገድ አላጣም አልክ። በእማማ አፈር ማልክ። ስለ ሞቷ ያወራኸው ይህንኑ ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ቤቱን ጠርጌ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግሬ፣ አንተ የምትወደውን የፖም ጭማቂ አውጥቼ ጠበቅኩ። ግሪግስ መጣ፤ አባባ ቲውኒስና ባለወፍጮው ምስክር ሆነው መጡ። ከኋላቸው ግን ሠረገላ ነበር። ቫን ዶርፕ ራሱ መጣ። ኩሬው የት እንደሚሆን ሊያይ። እንደነገረኝ ከሆነ ትልቁን ሥዕልህን ከገዛ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል፤ እንግዶቹን ይዞ ወደ ተራራ ሲወጣ፣ ሥዕሉን ያዩት ሁሉ የታለ ኩሬው፣ ይሄ ጎጆ ምንድነው ይሉታል። መሬቱ ሥዕሉን ስላልመሰለለት መሬቱን ሊያስተካክል ቆርጧል። ከሠረገላው ወርዶ ገና ሰው በሚኖርበት ግቢ ውስጥ በእርምጃ ይለካ ጀመር።

እኩለ ቀን ላይ ነጩን ጃንጥላ ዓለቱ ላይ አየሁት።

ቫን ዶርፕ መኖሩን ከላይ አይተሃል፣ ሠረገላው አይደበቅም። እኔም ማየትህን አውቃለሁ። ቢሆንም ገባሁና አንድ እርጥብ ቅርንጫፍ እሳቱ ላይ ጣልኩ። ጭሱ ወጣ። ነፋስ አልነበረም፣ እማማ እንደምታወጣው ቀጥ አለ። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሁለተኛ ጣልኩ። ዳቦው ቀዘቀዘ። አባባ ቲውኒስ ፒፓቸውን አጥፍተው ዓለቱን አንዴ፣ እኔን አንዴ ያዩ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጃንጥላው አልተነቃነቀም፤ ወርደህ ለመምጣት ደግሞ ሩብ ሰዓት ይበቃል። መንገዱ ገደል የለውም፤ በልጅነትህ ስትሮጥበት የኖርክበት ነው።

ከዚያ ጃንጥላው ታጠፈ።

ልክ በዚያን ጊዜ ቫን ዶርፕ ከኪሱ መነጽር አውጥቶ፣ ከዓለቱ ላይ ያለው ማነው አለ። አባባ ቲውኒስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ በቅሏቸው ተጭና ነበር፤ ወጥተው ሊያመጡህ ነው። አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው። ሠዓሊ ነው ጌታዬ፣ ነሐሴ ሲሆን እንደ ዝንብ ነው የሚወሩን፣ የእኛ ሰው አይደለም አልኩ። እስቲ የማውቀው እንደሆን ብሎ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ማድቤት ገባሁና የቀረውን ቅርንጫፍ በሙሉ፣ እቅፍ ሙሉውን፣ እሳቱ ላይ ጣልኩት። ጭሱ በበሩም በመስኮቱም ግቢውን ሞላው፤ ዓለቱም ተራራውም ጠፋ። ቫን ዶርፕ እያሳለ መነጽሩን አወረደ፤ ግሪግስ፣ ምነው አንቺ ሴት፣ ልታፍኚን ነው እንዴ አለ። ማገዶው እርጥብ ነው አልኩት። ጭሱ ሲገፈፍ ዓለቱ ባዶ ነበር።

ግሪግስ ጻፈ። ተፈልጎ አልተገኘም፣ እንደ ሞተ ተቆጥሯል። አባባ ቲውኒስ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እናትሽ ብትሆን ኖሮ ወጥታ በጆሮው እየጎተተች ታወርደው ነበር አሉኝ። እናቴ ዓይኗ አያይም ነበር፣ እኔ ግን አየሁ አልኳቸው። ጣታቸውን አሳረፉ።

ቤታችንን በሦስት ቀን አፈረሱት። ወንዟን ገድበው አሁን ኩሬ ሆኗል፤ አጋዘን ግን አልመጣም፣ የሚበላው ደን የት አለና። እኔ ከተራራው አናት ባለው ሆቴል የእንግዶችን አንሶላ አጥባለሁ። ልብሱን የማሰጣበት ቦታ ከሸለቆው በላይ ስለሆነ ሁሉን አያለሁ። እንግዶቹ የሥዕልህን ቅጂ ይዘው እያስተያዩ ይቆማሉ። ባለፈው ሳምንት ቫን ዶርፕ ራሱ አስጠርቶኝ፣ አንቺ የዚህ አገር ሰው ነሽ፣ ከኩሬው ጀርባ ያቺ ሰማያዊ ጉም መቼ ነው የምትታየው አለኝ። ዘንድሮ ቀርታለች ጌታዬ፣ ምናልባት ለከርሞ አልኩት።

ከዚህ ጋር ደብዳቤዎችህን ልኬልሃለሁ፤ አርባ ሦስት ናቸው፣ ሁሉም። ያቺ ሁለቱን ስም የጻፍክባት፣ ማን መሆንህን የምትመሰክረው፣ ከላይ አለች። በዚያን ቀን ሁሉም በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ግሪግስ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላወጣኋቸውም። ለምን ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ካነበብካቸው በኋላ ብታቃጥላቸው ይሻልሃል፤ ደረቅ ናቸው፣ አይጨሱም።

የእማማ መቃብር ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው አልደረሰበትም። ድንጋይ አስቆምኩላት። የአባታችንን ስም፣ የእሷን ስም፣ ከሥራቸው ሦስተኛውን አስጠረብኩ፤ ውሉ ላይ በነበረው ቅደም ተከተል። ጠራቢው የዚህኛውስ የሞተበት ቀን መቼ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ የነሐሴን መጨረሻ ቀን ነገርኩት። ሰዓት ይጻፋል ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር፤ አይጻፍም አለ።

እግዚአብሔር እጅህን ያበርታልህ። ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ ጥሩ ዓይን እንዳለህ አውቃለሁ። ደረትህን ሙቀት አትንፈገው፣ ቀለሙን በተዘጋ ክፍል አትደባልቅ፣ ምግብ በሰዓቱ ብላ። ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ አሁን ያንተ ብቻ ነው፣ ማንም የሚጠጋበት የለም።

ያባትህን ስም ማንበብ ካማረህ ድንጋዩ ላይ አለ። በኋላው መንገድ ብትመጣ ማንም አያይህም።

ያልተጻፈችው እህትህ